አውራሪሱን ማን ጠላው?

«ዴዝ ቱ ስሙቺ» ሲነሳ ፍርዱ ከክርክሩ ይቀድማል። ያየውም ያላየውም አንድ ነገር ይላል፦ የልጆችን ዓለም ያረከሰ፣ በደግነት የተሳለቀ፣ ሮቢን ዊልያምስን የሚያህል ተዋናይ ያዋረደ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ታዋቂው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ግማሽ ብቻ ሰጠው። የዓመቱን መጥፎ ሥራዎች እየለቀመ የሚያሳጣው የራዚ ሽልማትም ዊልያምስን በዕጩነት ጠራው። 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያገኘው ገቢ 10 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ፤ በጊዜያቸው የተረገሙ ስንት ፊልሞች ምሕረት ሲያገኙ ይኸኛው እንደተወገዘ አለ። ውግዘቱ ስህተት ነው። የጣዕም ጉዳይ ነው ብዬ አላልፈውም፤ ከሳሾቹ ፊልሙ ጣቱን የቀሰረው በማን ላይ እንደሆነ አላዩምና።

ላላየው ሰው ታሪኩ ይህ ነው። ሬንቦ ራንዶልፍ፣ ማለትም ዊልያምስ፣ ኪድኔት በሚባል የልብ ወለድ ጣቢያ ላይ የልጆች ፕሮግራም ንጉሥ ነው። ልጃቸው ካሜራ ፊት እንዲቆምላቸው ከሚሹ ወላጆች ጉቦ ሲቀበል ኤፍ ቢ አይ እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። ጣቢያው የቆሸሸ ስሙን ለማጠብ አንዲት ነቁጥ የሌለበት ሰው ፍለጋ ይወጣል። የሚያገኘው ሼልደን ሞፕስን ነው፤ ኤድዋርድ ኖርተን ተጫውቶታል። ሼልደን የአውራሪስ ልብስ ለብሶ፣ ጊታር አንግቶ፣ ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ከሄሮይን ሱስ ለመውጣት ለሚታገሉ ሰዎች የሚዘፍን የዋህ ሰው ነው። አውራሪሱ ስሙቺ በአንድ ጊዜ አገር ሁሉ የሚወደው ሲሆን፣ ራንዶልፍ ሥራውንም ቤቱንም አጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሊያጠፋውም ይምላል።

የከሳሾቹን ቃል ሳልሸራርፍ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ልጆችን የሚያጫውት ሰው ላይ መዘባበት ነውር ነው ይላሉ። ሕፃን የሚያምነውን ፊት ስድብና ደም ውስጥ መንከር ቀልድ ሳይሆን ጥላቻ ነው። ሁለተኛ፣ ዊልያምስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮሃል፤ የሚያስቅ ነገር ያጣ ሰው እንጂ ገጸ ባሕርይ አይታይበትም። ሦስተኛ፣ ፊልሙ ራሱን አያውቅም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በመርዝ ይጻፍና መጨረሻ ላይ በማር ይዘጋል። ይህ ሁሉ ከባድ ክስ ነው፤ የሚሰነዝሩትም ሲኒማ የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። ከዚህ ወገን ማዶ ደግሞ ጥቂት አፍቃሪዎች አሉ፤ ፊልሙን በየዓመቱ እየደጋገሙ የሚያዩ። እነሱ የሚወዱት በልጅነታቸው ወይም ልጅ ሲያሳድጉ ያንገሸገሻቸውን ባርኒ የተባለ የልጆች ቴሌቪዥን ሐምራዊ ዳይኖሰር የተበቀለላቸው ስለሚመስላቸው ነው። ጠላቱም ወዳጁም አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ ፊልሙ ደግነትን ይጠላል። የእኔ ጠብ ከዚህ ስምምነት ጋር ነው።

እስቲ እንጠይቅ። በዚህ ፊልም ውስጥ ክፉ የሚሠራው ማን ነው? የጣቢያው አለቃ፣ የተመልካች ብዛትን እንጂ ልጆቹን የማያይ ሰው፣ ጆን ስቱዋርት የተጫወተው። ወኪሉ በርክ፣ ዳይሬክተሩ ዳኒ ዴቪቶ ራሱ የተጫወተው፣ በደንበኛው ንጽሕና ኪሱን የሚሞላ። «ፓሬድ ኦቭ ሆፕ» የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በሕፃናት ስም ገንዘብ እየሰበሰበ በዱላና በጥይት የሚሠራ የወንበዴ ቡድን። እና ራንዶልፍ፣ ዙፋኑን የተነጠቀ ባለጌ። ከእነዚህ መካከል ደግ ማን ነው? ማንም የለም። ደጉ ሼልደን ነው፤ ሁሉም የሚዘምትበትም እሱ ላይ ነው። ለልጆች ስኳር አልሸጥም የሚል፣ ስሙን በየዕቃው ላይ አትለጥፉ የሚል፣ ፕሮግራሜ ልጅን ማስተማር አለበት የሚል ሰው መሐል ላይ ቆሞ የጅብ መንጋ ሲከበው እናያለን። አዎ፣ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ በአመጋገቡና በየዋህነቱ ያሾፍበታል። ግን ሲያበቃ ምን ይሰጠዋል? ፕሮግራሙን፣ የሚወዳትን ሴትና የጠላቱን ወዳጅነት። ደግነትን የሚጠላ ፊልም ደጉን ሰው ለምን ያሸንፈዋል?

በጣም የሚወገዘውን ትዕይንት ልውሰድ፤ ከሳሾቹ ሁሌም የሚጠቅሱት እሱን ነውና። ራንዶልፍ ሼልደንን በቀጥታ ስርጭት ለማዋረድ የፕሮግራሙን ብስኩቶች የወንድ ብልት ቅርጽ ባላቸው ብስኩቶች ይለውጣቸዋል። አስቀያሚ ነው፤ አስቀያሚ እንዲሆንም የተሠራ ነው። ነገር ግን ትዕይንቱን ጠልቶ የሚያልፍ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ይረሳል። ሼልደን አንድ አፍታ ደንግጦ፣ ብስኩቱን ከፍ አድርጎ፣ ይህ ሮኬት ነው ብሎ ለልጆቹ ይነግራቸዋል። ልጆቹም ሮኬት ያያሉ። ነውሩን እንዲያዩ የሚጮኸው ራንዶልፍ ነው። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ የሕፃናቱን ዓይን ይጠብቃል፤ ሌላው በግድ ሊያቆሽሸው ይታገላል። ፊልሙ ከየትኛው ጋር እንደቆመ ለማወቅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አንድ ትዕይንት ብልግናን ማሳየቱና ብልግናን ማወደሱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሌላ ፊልም ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህ ላይ ለምን ጠፋን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ገንዘቡ። ተመልካቹ ሼልደን ስለ አሻንጉሊትና ስለ ሸቀጥ ሲሟገት የዳር ቀልድ ይመስለዋል። የፊልሙ አከርካሪ ግን እሱ ነው፤ የተቀዳውም ከእውነተኛ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሕፃናት ፕሮግራም መሐል የሚገባውን የማስታወቂያ ደቂቃ ይገድብ የነበረውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 አነሳው። ያኔ አሻንጉሊት አምራቹ ማቴል አስቀድሞ ገበያ ያወጣው የ«ሂማን» አሻንጉሊት የራሱን የካርቱን ተከታታይ ይዞ ስክሪኑን ተቆጣጥሮ ነበር። አሻንጉሊቱ ቀድሞ ታሪኩ ተከተለ ማለት ነው። ሕፃኑ ታሪክ የሚያይ መስሎት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ማስታወቂያ ያይ ነበር። ኮንግረሱ በ1990 ባወጣው የሕፃናት ቴሌቪዥን ሕግ ገደቡን መለሰው፤ ግን በሰዓት ውስጥ ቅዳሜና እሑድ 10 ደቂቃ ተኩል፣ በሥራ ቀናት 12 ደቂቃ ማስታወቂያ ፈቀደ። ከአምስት ደቂቃ አንዷ የሻጩ ናት ማለት ነው። ከዚህ ቀደም ብሎም በ1965 ሱፒ ሴልስ የሚባል የልጆች አጫዋች ወደ አባቶቻችሁ ኪስ ግቡና አረንጓዴዎቹን ወረቀቶች ላኩልኝ ብሎ በቀጥታ ስርጭት ቀልዶ ከሥራ ታግዶ ነበር። ሰውዬው የቀለደው ጣቢያዎቹ በዘዴ የሚሠሩትን ነገር በግልጽ በመናገር ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሼልደንን የሚመስል ሰው አልነበረም? ነበረ። ፍሬድ ሮጀርስ ከ1968 እስከ 2001 ድረስ በሕዝብ ቴሌቪዥን ለልጆች ሲናገር ለሕፃን ማስታወቂያ አልሠራም ብሎ ኖረ። በ1969 ሴኔት ፊት ቀርቦ የሕዝብ ቴሌቪዥን 20 ሚሊዮን ዶላር እንዳይነፈግ የተሟገተው ያለ ነጋዴ እጅ ልጅን ማነጋገር ይቻላል ብሎ ስላመነ ነው። በ1984 በርገር ኪንግ እሱን የሚመስል ሰው አሠርቶ ማስታወቂያ ሲያሰራጭ ሮጀርስ ጠየቀና ማስታወቂያው ተነሳ። ልጆች እኔ እንዳልኩ ይመስላቸዋል አለ። ሮጀርስን ቅዱስ አድርገን በሼልደን ስንስቅ ምን እያደረግን ነው? ሁለቱ አንድ ቃል ነው የሚናገሩት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሮቢን ዊልያምስ ራሱ ሼልደን ነበር። በ1992 ለ«አላዲን» ጂኒ ድምፁን ሲሰጥ ከወትሮ ክፍያው እጅግ ያነሰ፣ 75 ሺህ ዶላር ገደማ ተቀበለ፤ በምትኩ ድምፄን ዕቃ መሸጫ አታድርጉት ብሎ ተዋዋለ። ፊልሙ ሲወጣ ቃሌ ተጣሰ ብሎ ከዲዝኒ ጋር በአደባባይ ተጣላ። ሁለተኛው ክፍል ሲሠራ ጂኒው በሌላ ሰው ድምፅ ተናገረ፤ ዊልያምስ የተመለሰው ኩባንያው ይቅርታ ከጠየቀው በኋላ ለሦስተኛው ነው። ለልጆች የሰጠውን ሳቅ ሃምበርገርና ፕላስቲክ እንዳይሸጡበት የታገለ ሰው አሥር ዓመት ቆይቶ ይህን ፊልም ሲሠራ፣ የተሸጠውን ሰው ራንዶልፍን መረጠ። ይህን እያወቀ ዊልያምስ በደግነት ላይ ሊሳለቅ ነው የመጣው የሚል ሰው ስለ ማን እንደሚናገር ሊያስረዳኝ ይገባል።

ጩኸቱን እንየው። በዚያው በ2002 ዊልያምስ ሦስት ጨለማ ሚና ተጫውቷል። በ«ኢንሶምኒያ» እና በ«ዋን አወር ፎቶ» ሃያስያን አንጀታቸው ራሰ፤ ዝም ብሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ፊቱን አጥቦ ስላስፈራቸው። እዚህ ግን የተጠቀመው በሌላ መሣሪያ ነው፦ ድምፅ ይለውጣል፣ ይዘፍናል፣ ይዘላል፣ ቃል ያዘንባል። እነዚህ ለሃያ ዓመት ያስወደዱን መሣሪያዎች ናቸው። በ1993 «ሚስስ ዳውትፋየር» መጨረሻ ላይ ሥራ አጡ አባት የሚካሰው የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ሆኖ ነው፤ ሁላችንም ደስ አለን። ራንዶልፍ የዚያ ሰው ሌላኛው ዕጣ ነው፤ ጭብጨባውን ጠጥቶ ጠጥቶ ያለ ጭብጨባ መቆም ያቃተው። የሚጮኸው ዝምታን ስለሚፈራ ነው። ተመልካቹ የሚሸሸው ችሎታ ጎድሎ ሳይሆን የሚወደው ችሎታ ቂም ሲሸከም ማየት ስላስጨነቀው ነው። ዊልያምስ ይህን ጭንቀት አልሸሸም፤ ደፍሮ ገባበት። የራዚ ዕጩነት ለዚህ ድፍረት የተሰጠ ምላሽ ከሆነ የሚያፍረው ሰጪው ነው።

የገበያው ክስ ረጅም መልስ አይገባውም። ለልጆች ስለ መሸጥ የተሠራ ፊልም አልተሸጠም ብሎ መክሰስ የከሳሹን ሚዛን ከማሳየት በቀር የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

መጨረሻው ማር ነው ለሚሉት ግን ልመልስ። ሼልደን ከጊታሩ ጋር እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሆኖ አልተጓዘም። ራንዶልፍ አታልሎ የናዚዎች ስብሰባ ላይ እንዲዘፍን አድርጎት አገር ሁሉ ተፍቶበታል፤ ልጁን አቅፎት የነበረ ወላጅ በአንድ ሌሊት ጠላቱ ሆኗል። የ«ፓሬድ ኦቭ ሆፕ» ሰዎች ሊገድሉት ሞክረዋል፤ በእሱ ፈንታ አእምሮው የተጎዳ የቀድሞ ቦክሰኛ የአውራሪስ ልብስ ለብሶ ተገድሏል። የሸጡት ሰዎች በእጁ ሲወድቁም ሼልደን ሽጉጥ ይይዛል። ሊተኩስ ይችል ነበር፤ አልተኮሰም። ይህ ማር የት አለበት? ሰው ክፋትን ቀምሶ፣ ክፋት ማድረግ ችሎ፣ ከተወው፣ ያ የዋህነት መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆኗል። ደሙ ሁሉ የፈሰሰው ለዚህ ምርጫ ክብደት ለመስጠት ነው። ፊልሙ ጉድለት እንዳለበት አልክድም፤ ከ«ፓሬድ ኦቭ ሆፕ» ሌላ በፊልሙ የሚገቡት የአይሪሽ ወንበዴዎች ታሪክ ይንዛዛል፣ የሼልደንና የሚወዳት የኖራ ፍቅርም ጊዜ ሳይሰጠው ይበስላል። ግን እነዚህ የአንድ ያልታረመ ጽሑፍ ጉድለቶች እንጂ የክፉ ልብ ምልክቶች አይደሉም። ደግሞስ ዴቪቶ ማን ነው? በ1996 «ማቲልዳ»ን የሠራ ሰው ነው። እዚያም ልጆችን የሚያሠቃየውን የአዋቂ ዓለም አስቀያሚ አድርጎ አሳየን፤ ጨካኟን ርእሰ መምህርት የተጫወተችው ፓም ፌሪስ እዚህም የአይሪሾቹ ወንበዴዎች አለቃ ቶሚ ሆና መጥታለች። ያኔ ለልጆች የወገነ ሲባል አሁን የልጆች ጠላት የሆነው በምን ተአምር ነው?

ለአፍቃሪዎቹም ቃል አለኝ። ባርኒ ከ1992 ጀምሮ በአሜሪካ ሕዝብ ቴሌቪዥን ሲታይ ሕፃናት ወደዱት፤ አዋቂዎች ደግሞ የሚደንቅ ጥላቻ አፈሩለት። በስፖርት ሜዳ ባርኒን የሚመስል ገጸ ባሕርይ የሚደበድብ አጫዋች ነበረ፤ ባርኒን የሚያመርቱት ሰዎች ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱ በ1999 ፌዝ ነው ብሎ ለቀቀው። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን የሁለት ዓመት ሕፃን የሚወደውን ነገር መደብደብ ምን የሚያስደስት ነገር አለው? «ዴዝ ቱ ስሙቺ» ይህን ጥላቻ ይዞ ራንዶልፍ አፍ ውስጥ አስቀመጠው፤ በቅናት የታመመ፣ ሥራውን በጉቦ ያጣ ሰው አፍ ውስጥ። ስሙቺን መጥላት የተሸናፊ ሥራ መሆኑን ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ያስረዳል። ይህን ሳያይ የሚያጨበጭብ ሰው ያጨበጨበው ለራንዶልፍ ነው።

የአገራችን ተመልካች ለምን እንደሚከፋው ይገባኛል። አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያየ ያደገ ሰው ልጆችን የሚያጫውት ፊት ሲዋረድ ልቡ ይሸፍታል። ተስፋዬ ሣህሉ አርባ ዓመት ገደማ ያገለገሉት በተረታቸውና በድምፃቸው ነው፤ ከኋላቸው የአሻንጉሊት ፋብሪካ አልቆመም። ግን ይህ ፍቅር ፊልሙን እንድናወግዝ ሳይሆን እንድንረዳው ሊያደርገን ይገባ ነበር። ለልጅ ተረት የሚነግር ሰው ከነጋዴው ሲለይ ምን እንደሚመስል አይተናልና። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ሕፃን በእናቱ ስልክ የሚያየው አሻንጉሊት ከካርቶን ሲወጣ ነው፤ ሌላ ሰው የተከፈለበትን ደስታ። ሼልደንን የሚያስቅ ሰው ያደረግነው እንደ እሱ ያለውን ሰው ከስክሪኑ ካስወጣን በኋላ ነው።

በልጆች አጫዋች ላይ ጥርጣሬ ማንሳት ነውር ነው የሚለው አስተሳሰብ ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ አደገኛ ነው። ጂሚ ሳቪል ከ1975 እስከ 1994 በቢቢሲ የሕፃናትን ምኞት የሚፈጽም ደግ አጎት ሆኖ ታየ፤ በ1990 የሰር ማዕረግ ተሰጠው፤ በ2011 ተከብሮ ሞተ። እውነቱ በሰፊው የወጣው በ2012 ነው። ቢቢሲ ራሱ ያስጠናው የቀድሞዋ ዳኛ የጃኔት ስሚዝ ሪፖርት በ2016 ሲወጣ ከጣቢያው ሥራው ጋር በተያያዘ 72 ሰዎች ላይ የወሲብ ጥቃት እንደፈጸመ አረጋገጠ። «ዴዝ ቱ ስሙቺ» ስለ እንዲህ ያለ ወንጀል አይናገርም፤ ከዚያ ጋር ላመሳስለው አልፈልግም። ግን ፈገግታውን አምናችሁ ከኋላው ያለውን ሳታዩ አትለፉ የሚል ፊልም ነው። በክብር ስም ዝም የተባለበት ስንት ሕፃን አለ? ጥርጣሬ የሌለበት ፍቅር ለማን ነው የጠቀመው?

ፊልሙ ይህን ሁሉ ሲል ጣቱን ወደ ጣቢያው ብቻ አልቀሰረም። ጉቦውን ማን ሰጠ? ወላጆች። ለልጃቸው አንድ ደቂቃ ካሜራ ለመግዛት ፖስታ ያሸጉ፣ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች። ራንዶልፍን የፈጠረው እነሱ የሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ሼልደንን በአንድ ምሽት የረገመውም የእነሱ አፍ ነው። ፊልሙ ለልጆች ንጽሕና ደንታ የለውም ከማለታችን በፊት በዚያ ትዕይንት ራሳችንን አይተን እንደሆነ እንጠይቅ። እንደ እኔ እምነት የተጠላው ልጆችን ስለነካ ሳይሆን እኛን ስለነካ ነው፤ ዴቪቶና የስክሪፕቱ ጸሐፊ አዳም ሬዝኒክ ያደረጉት ትልቁ ድፍረትም ይኸው ነው።

ስለዚህ ክፉ ፊልም ነው ለሚል ሰው አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ሼልደን ደግ በመሆኑ ተሸንፎ የቀረበትን፣ ወይም ልጅን መውደድ ሞኝነት ነው ተብሎ የተደመደመበትን አንድ ትዕይንት ይጥቀስልኝ። ስድቡን ሊጠቅስ ይችላል፤ ደሙን፣ ብስኩቱን፣ የዊልያምስን ጩኸት። እነዚህ ሁሉ በነጋዴዎቹ እጅና አፍ ውስጥ ናቸው። አውራሪሱ ግን ሲጀምር የሚያምነውን እስከ መጨረሻው ያምናል፤ ፊልሙም ከእሱ ጋር ቆሟል።